ወደ ግራ የሚጠብቅ ዳዶ

ሪንዚ መፍቻውን እጅጌው ውስጥ ለመደበቅ ሲጣደፍ አመለጠው። መፍቻው በትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እየተንኳኳ ወረደና ከያንጂ እግር ሥር ወደቀ።

«እዚያ ላይ ምን ትሠራለህ?» አለች ያንጂ አንጋጣ።

«ምንም። እይታው ደስ ብሎኝ ነው።»

እይታው! ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ የሚታየው ከታችም የሚታየው ነው፤ የድንች ማሳ፣ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ በረዶ የለበሱ ተራሮች። ሪንዚ እነዚያኑ ተራሮች አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከመጸዳጃ ቤታቸው በር ላይ ሳይቀር ሲያያቸው ኖሯል። እስከ ዛሬ ግን «ያምራሉ» ሲል የሰማው ሰው የለም።

ያንጂ መፍቻውን አነሳችው። ቁጥር አሥራ ሦስት ነው። በዚያ ጣሪያ ላይ በቁጥር አሥራ ሦስት መፍቻ የሚጠብቅም የሚላላም አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም የእሷ የነፋስ መንኮራኩር ነው። ቦርሳዋን ጥላ መሰላሉን ወጣች።

መንኮራኩሩ ቆሟል። ሪንዚ ከክንፎቹ አንዱን በጫማ ማሰሪያ ከምሰሶው ጋር አስሮታል። ያንጂ ሦስቱን ክንፎች አንድ ላይ የያዘውን መሃለኛውን ዳዶ በሁለት ጣቷ ነካ አደረገችው። ምንም ሳትታገለው ዞረላት።

«ላልቷል» አለች።

«ትንሽ ነው።»

«ትንሽ? በጣቴ እኮ ነው ያዞርኩት! ስንተኛ ጊዜው ነው?»

«ዛሬ ብቻ…»

«ሪንዚ!»

«እሺ አቦ! በየቀኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ከደወሉ በፊት እየወጣሁ አጠብቀዋለሁ። ዛሬ ስላረፈድኩ ነው ከትምህርት በኋላ የወጣሁት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቁራው ጀምሮ» አለ ሪንዚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያንጂ የቁራውን ጉዳይ አልረሳችም። ከሦስት ሳምንት በፊት መንኮራኩሩ ከምሰሶው ተነቅሎ ድንች ማሳ ውስጥ ተገኘ፤ የአንዱ ክንፍ ጫፍ ተሸርፏል። ሪንዚ «ቁራ መጥቶ ሲመታው በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። የሳይንስ መምህሩ አመኑት። ያንጂም አመነችው፤ እንዲያውም በሙከራ ደብተሯ ላይ ቀኑን ጽፋ «ቁራ መታው» ብላ መዝግባለች። ከዚያን ቀን ወዲህ የመንደሩ ልጆች ቁራ ባዩ ቁጥር ድንጋይ ያነሳሉ።

«ስለዚህ ቁራ አልነበረም» አለች።

«ቁራማ ነበረ። አጥሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። መንኮራኩሩ በራሱ ጊዜ ተፈትቶ ሲበር እሱም ደንግጦ በረረ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያንጂ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ግን አልሳቀችም። ተናዳለች፤ ከንዴቷ በታች ደግሞ ፍርሃት አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አያትሽ ለመንደሩ ሁሉ ሲያወሩ፣ መምህሩ በሰልፍ ላይ ስምሽን ሲጠሩ፣ አንቺ ራስሽ መሬት አልነካም ብለሽ ስትሄጂ፣ ‹ያንጂ፣ ነገርሽ ይላላል› ልበልሽ? ዳዶ ነው፤ ይላላል፣ ይጠብቃል፣ አለቀ።»

ነገሩ የተጀመረው በብርዱ ወራት ነበር። ከሩቅ አገር የመጡ ተራራ ወጪዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሁለት ተጣጣፊ የነፋስ መንኮራኩሮች ለመንደሩ ትተው ሄዱ። ሲታጠፉ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። ሲዘረጉ በድንኳን ምሰሶ ላይ ይተከሉና ነፋስ ሲያገኙ ባትሪ ይሞላሉ፤ ባትሪው ደግሞ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን ሬዲዮና ከሩቅ የሚታይ መብራት ያሠራል።

ያንጂ ዕቃውን እንደ መጫወቻ አላየችውም። አምና በዚህ ወቅት ታላቅ ወንድሟ ቾንግባ የዓለም ትልቁ ተራራ የቾሞሉንግማ ሁለተኛ ካምፕ ላይ ሳለ አውሎ ነፋስ ያዘው። ሶላራቸውን በረዶ ቀበረው፣ የሬዲዮው ባትሪም በማግስቱ አለቀ። እናቷ ወጥ ቤት ካለው ሬዲዮ አጠገብ ሁለት ቀን ቁጭ ብላ የሰማችው ሹሹታ ብቻ ነበር። በመጨረሻ የቾንግባ ድምፅ ሲመጣ መጀመሪያ ያለችው «ጆሮህን ሸፍነሃል?» ነው። ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ያንጂን እስከ ዛሬ የሚያበሳጫት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እነዚያን ሁለት ቀናት ፀሐይ ጠፋች እንጂ ነፋስ አልጠፋም ነበር። ቤት የሚያፈርስ ነፋስ ነበር፣ ያለ ሥራ ሲነፍስ የከረመ።

ችግሩ መንኮራኩሮቹ ወደ ግራ መዞራቸው ነው። በእነ ያንጂ መንደር ልጅ ግራና ቀኙን የሚለየው ጸሎት በተቀረጸባቸው የጸሎት ድንጋዮች ነው፤ ድንጋዮቹ የሚታለፉት በቀኝ እጅ በኩል ተደርገው ነው። በእጅ እየተዞረ የሚጸለይበት የጸሎት መንኮራኩርም የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው። ከድግስ እየተንገዳገደ የሚመለስ ሰው እንኳ ቤቱን ይስት ይሆናል እንጂ አዟዟሩን አይስትም። አያቷ ጌልጄ ዕቃው ወደ ግራ ሲዞር መጀመሪያ ያዩ ዕለት ፊታቸውን አዞሩ። አጎቷ ተንዲ ግን ቾንግባ አብሮት የሚወጣው የተራራ ቡድን አለቃ ናቸውና ነገር አያስታምሙም፤ «ወደ ግራ የሚዞር ነገር ከድንኳኔ አጠገብ አይተከልም» ብለው ቆረጡት።

ያኔ ነው ያንጂ የክንፎቹን ሥር ላላ አድርጋ አንድ በአንድ ወደ ሌላው ጎን ያጋደለቻቸው። መንኮራኩሩ ወደ ቀኝ ዞረ። ባትሪውም ሞላ። አያቷ ከሥሩ ቆመው ሲያዩት ዋሉና «ነፋሱ ራሱ እየጸለየ ነው» አሉ፤ አጎት ተንዲም «እንዲህ ከሆነ ይሄዳል» አሉ። አንደኛው መንኮራኩር ለሙከራ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ተተከለ። ሁለተኛው የያንጂ ቤት ጣሪያ ላይ ሁለት ቀን ብቻ ዞሮ ለቾንግባ ጉዞ ታሸገ። ጉዞው ነገ ጠዋት ነው።

ያንጂ ጣሪያው ላይ ተንበርክካ ዳዶውን ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ይበልጥ ላላ። ወደ ግራ አዞረችው፤ ጠበቀ።

«የዚህ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው» አለች።

«አዎ፣ መጀመሪያ ቀን እኔም ሳጠብቅ መስሎኝ ስፈታው ነበር።»

«ቆይ፣ ስማኝ። ሌላው ዳዶ ሁሉ የሚጠብቀው ወደ ቀኝ ነው። ይሄን ግን አውቀው ነው ወደ ግራ ያደረጉት። መንኮራኩሩ ወደ ግራ ሲዞር ዳዶውንም አብሮ ይገፋዋል፤ ስለዚህ በዞረ ቁጥር ያጠብቀዋል። ወደ ቀኝ ከዞረ ግን…»

«በዞረ ቁጥር ይፈታዋል» አለ ሪንዚ ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኝ የፈታሁት። ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ቶሎ ይፈታል። ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት!»

ሪንዚ የጫማ ማሰሪያውን ከክንፉ መፍታት ጀመረና ተወው። እሱ ችግር ሲገጥመው አቋራጭ መፈለግ ይወዳል። «ለቾንግባ መፍቻ እንስጠው» አለ። «እኔ እንዳደረግሁት ጠዋት ጠዋት ያጥብቀው። ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።»

«እስቲ ጓንትህን አድርገህ አጥብቀው።»

«ምን ችግር አለው?» ሪንዚ ወፍራሙን የሱፍ ጓንቱን ከኪሱ አውጥቶ አጠለቀ። መፍቻው አንድ ጊዜ ተንሸራተተበት። ሁለተኛም ተንሸራተተበት፤ ዳዶው ትንሽ ነው፣ በክንፎቹ መሃል ገባ ብሎ የተቀመጠ ነው። በሦስተኛው ሙከራ ሳያስበው የቀኝ እጁን ጓንት በጥርሱ ጎትቶ አወለቀው።

ከዚያ ሁለቱም ጓንቱን ተመለከቱት፤ ከሪንዚ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

በዚህ መንደር ተራራው ላይ ጓንት ማውለቅ ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ ሕፃን የለም። የያንጂ አያት ቀኝ እጅ ብርዱ ወስዶበት ሦስት ጣት ነው ያለው። ሁለቱ ጣቶች የት እንደሄዱ ሲጠየቁ «እዚያው ላይ ቀርተው ድንኳን ይጠብቃሉ» ብለው ይስቃሉ፤ የሚስቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ብትናገሪ አጎትሽ ይተዉታል» አለ ሪንዚ ጓንቱን ከአፉ አውጥቶ። «ወደ ግራ የሚዞር ከሆነ ይዘውት አይወጡም። ያኔ ቾንግባ አምና እንደወጣው ነው የሚወጣው፣ በሶላር ብቻ።»

«ዝም ብልስ?»

ሪንዚ ጓንቱን ወደ ኪሱ ከተተ።

ቤት ስትደርስ ግቢው በጆንያና በገመድ ተሞልቷል። ቾንግባ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ካልሲ እየቆጠረ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ተራራ ላይ ጨዋ፣ ቤት ውስጥ ግን ባለጌ። እናታቸው የተቀቀለ ድንች በትልቅ ሳህን ከምራ አቀረበች። ሁሉም እየላጠ በርበሬና ጨው እያስነካ ይበላል። አያቷ ጌልጄ ቅቤና ጨው የገባበት ሻያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በጥግ ተቀምጠዋል።

«ቾንግባ» አለች ያንጂ፣ «ካምፕ ላይ ጓንትህን ታወልቃለህ?»

«ለምን? ጥፍሬን ልቆረጥ?»

«የምሬን ነው። ለሥራ፣ ለምናምን።»

«አንቺ ልጅ፣ ጣት መልሶ የሚበቅል መሰለሽ እንዴ? ከላይኛው ካምፕ ወዲያ እንኳን ጓንቴን አፍንጫዬንም አላወልቅም።»

«አፍንጫ አይወልቅም።»

«ያንቺ ይወልቃል፤ በሰው ነገር ጥልቅ ስለሚል» አለና የካልሲ ጥቅል ወረወረባት።

እናታቸው ሳቀች። ያንጂ አሁን ብትናገር ጥሩ ነበር፤ ሰዉ ጥቂት ነው፣ እሳቱ ሞቅ ብሏል፣ ቾንግባም ይስቃል። አፏን ከፈተች።

«ዘንድሮ እኔም አልፈራሁም» አሉ አያቷ በዚያው ቅጽበት፣ ለማንም ሳይሆን ለሻያቸው የሚናገሩ ይመስል። «አምና እዚህ ቁጭ ብዬ ሳስብ እዚያ ላይ ስለ ልጁ የሚጸልይ ማንም አልነበረም። ዘንድሮ ቀንም ሌትም የሚዞርለት አለ። እኔ ቢደክመኝ እሱ አይደክመውም። ተባረኪ፣ ልጄ።»

ያንጂ አፏን ዘጋች። የላጠችውን ድንች ሳህኑ ላይ መለሰችው። እሳቸው እንዲህ ደስ ብሏቸው ያየቻቸው መቼ እንደነበር ማስታወስ አቃታት፤ ያን ደስታ የሰጠቻቸው እሷ ናት፣ የምትነጥቃቸውም እሷ ልትሆን ነው። «ነገ ጠዋት እናገራለሁ» አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ «ነገ ጠዋት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ምን ማለቱ እንደሆነ ስለምታውቅ በራሷ አፈረች።

በማግስቱ ፀሐይ የተራራውን ጫፍ እንደነካች ስድስት ያኮች፣ እነዚያ ጸጉራም የጭነት በሬዎች፣ ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ቆሙ። የእርጥብ ጽድ ጢስ ግቢውን ሞልቶታል፤ አያቷ ከያክ ወደ ያክ እየተዘዋወሩ በጭነቱ ላይ ለበረከት የገብስ ዱቄት በተን በተን ያደርጋሉ። መንኮራኩሩ ሦስተኛው ያክ ላይ፣ ከሁለት የድንኳን ጥቅል ሥር ነው። ያሰረችው እናቷ ናት። እሷ ያሰረችውን ገመድ የሚፈታ ወንድ በመንደሩ አልተወለደም ይባላል።

አጎት ተንዲ ዝርዝራቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «በሉ እንግዲህ» አሉ።

«አጎቴ» አለች ያንጂ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ሦስተኛው ያክ ይራገፍልኝ።»

«የረሳሽው ነገር አለ?»

«የረሳሁት የለም። ያበላሸሁት አለ።»

እናቷ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ያንን ጭነት ለማሰር ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ እማ። ቢሆንም ይራገፍ።»

ከዚያ ተናገረች። ስለ ዳዶው፣ ክንፎቹን ስታዞር ምን እንዳበላሸች፣ በነፋስ ቀን ምን እንደሚሆን ሁሉንም ነገረቻቸው። መሃል ላይ ምላሷ ተሳሰረና መሬት ላይ በጣቷ እየሳለች ቀጠለች። ስትጨርስ አጎት ተንዲ «የትምህርት ቤቱ ግን ወሩን ሙሉ ሲዞር ነበር እኮ፤ ቁራው ከመታው ቀን በስተቀር» አሉ።

«ቁራ አልመታውም» አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ። ሪንዚ ነው፤ ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ ፀጉሩን እንኳ ሳያበጥር መጥቷል። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። በራሱ ተፈትቶ ነው የበረረው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሳጠብቀው ነበር። ያንጂ ያወቀችው ትናንት ነው።»

«ያ ምስኪን ቁራ!» አለች እናቷ። «ስንት ድንጋይ ወርውሬበታለሁ!»

አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አጎት ተንዲ አልሳቁም። ያኩን አስራገፉ። ቾንግባ መንኮራኩሩን አውጥቶ ዘረጋው፤ የተራራ ጓንቱን አጥልቆ መፍቻውን ከሪንዚ ተቀበለ። አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ። መፍቻው ከእጁ ወድቆ ያኩ እግር ሥር ገባ። ቾንግባ ቀልድ አልተናገረም፤ እህቱን ብቻ አያት።

«በባዶ እጅ ካልሆነ አይሆንም» አለ።

«እና መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አሉ አጎት ተንዲ።

«ክንፎቹን ወደ ነበሩበት መመለስ ነው» አለች ያንጂ። «እኔ እመልሳቸዋለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

«ያኔ ወደ ግራ ይዞራል።»

«አዎ።»

«ከኋላው ሆነው ካዩት እኮ ወደ ቀኝ ነው» አለ ሪንዚ፣ አቋራጭ መፈለጉ ዛሬም አልለቀቀውም።

«ነፋሱ የሚያየው ከፊት ነው» አሉ አጎት ተንዲ ቆጣ ብለው፤ ሪንዚም ወደ ኋላው ሸሸት አለ። «ይቅር እንግዲህ። አምናም ያለ እሱ ወጥተናል፣ ተመልሰናልም። ያኩን ጫኑ።»

ያንጂ ወደ አያቷ ዞረች። ከሁሉም ይልቅ የፈራችው እሳቸውን ማየት ነበር። አያቷ ጌልጄ የገብስ ዱቄቱን በሦስት ጣታቸው እንደያዙ ቆመዋል፤ ዱቄቱ በጣቶቻቸው መሃል እየፈሰሰ ነው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሳየው ደስ ይለኝ ነበር» አሉ።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ያኩን መልሰው ሊጭኑት ነው፣ መንኮራኩሩ መሬት ላይ ሊቀር ነው፣ ለማልቀስ ጊዜ የለም።

«አጎቴ» አለች፣ «ወደ ግራ የሚዞር ነገር ቢተከል ጥፋቱ በማን ላይ ነው?»

«በተከለው ነዋ። በእኔ። በወንድምሽ።»

«በእኔ ይሁን። የምመልሰው እኔ ነኝ፣ ይዛችሁት ሂዱ የምላችሁም እኔ ነኝ። እሱ እዚያ ላይ ወደ ግራ በዞረ ቁጥር እኔ እዚህ የጸሎት ድንጋዮቹን ወደ ቀኝ እዞራለሁ። ቾንግባ እስኪመለስ ድረስ። ዝናብም ቢሆን፣ ፈተናም ቢሆን፣ አንድ ቀን አላስታጉልም።»

ያንጂ ይህን እናገራለሁ ብላ አላሰበችም ነበር፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ትክክል መሆኑን አወቀች። አጎት ተንዲ ወደ ሽማግሌው ዞረው ጠበቁ።

አያቷ ጌልጄ መሬት ላይ ወደተቀመጠው መንኮራኩር ቀረብ አሉ። ጎንበስ ብለው ክንፉን ነካ አደረጉት። ቀና ሲሉ መዳፋቸው ላይ የቀረውን ዱቄት ሁሉ በላዩ ላይ በተኑት።

«መልሺውና ይጫን» አሉ። «የቾንግባን እናት ሁለት ቀን ሬዲዮ ሥር አይቻታለሁ። ሦስተኛ ቀን ማየት አልፈልግም።»

ያንጂ ተንበረከከች። እያንዳንዱን ክንፍ ደጋግማ ስለፈተሸች አሥር ደቂቃ ያለችው ሥራ ሃያ ፈጀባት፤ ማንም አላጣደፋትም። ስትጨርስ ቾንግባ መንኮራኩሩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ለነፋሱ ሰጠው። ክንፎቹ ትንሽ አመነቱና ወደ ግራ መዞር ጀመሩ፤ ትንሿ መብራት ብልጭ አለች። አጎት ተንዲ መንኮራኩሩ እስኪቆም ድረስ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ቆዩ። ሲታሸግ ግን ከማንም ቀድመው ተቀብለው ሦስተኛው ያክ ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። እናቷ ገመዱን እንደገና አጠበቀችው፣ እያጉረመረመች።

ቾንግባ ሲሰናበታት ኮፍያዋን ዓይኗ ድረስ ሳበው። «ዝናብም ቢሆን ብለሻል» አለ። «ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«አንተ ጓንትህን አታውልቅ። እሱንም ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

ያኮቹ ደወላቸውን እያቃጨሉ ወረዱ። ከመንደሩ መውጫ ላይ የጸሎት ድንጋዮቹን በቀኛቸው አድርገው አለፉና በገደሉ ጥግ ተሰወሩ። አያቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። እናቷ ማሳ ወረደች። የትምህርት ቤቱ ደወል ሊደወል ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶታል።

ያንጂ የጸሎት ድንጋዮቹ ጋ ስትደርስ ሪንዚ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር እየጻፈ አገኘችው።

«ለመምህሩ ስለ ቁራው መናገር አለብህ» አለችው።

«ዛሬ እናገራለሁ። የጣሪያውንም አብረን እንመልሰዋለን። አሁን ግን ይሄን እዪ።» ደብተሩን አዞረላት። ገጹ በቁጥር ተሞልቷል። «ጥሩ ነፋስ ካለ በደቂቃ አራት መቶ ጊዜ ይዞራል። በቀን አምስት መቶ ሰባ ስድስት ሺህ ነው። ሁለት ወር ቢቆዩ ሠላሳ አራት ሚሊዮን ተኩል። አንቺ በቀን ሃምሳ ብትዞሪ፣ ምሳሽን እየዘለልሽ ማለት ነው፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት ይፈጅብሻል።»

ያንጂ ቁጥሩን አየችው። ስሌቱ ላይ ስህተት ፈለገች፤ የለበትም። ሪንዚ ሌላው ነገር ይቀረው ይሆናል እንጂ በሒሳብ አይታማም።

«እንግዲያው አታስረፍደኝ» አለችና ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ ድንጋዮቹን በቀኝ እጇ በኩል አድርጋ መራመድ ጀመረች።

ሪንዚ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ትንሽ አያት። ከዚያ ደብተሩን አጠፈው፣ ዘሎ ወረደና ሮጦ ደረሰባት። ጥቂት እርምጃ አብረው ሄዱ።

«ለሁለት ከሆነ» አለ፣ «ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ነው።»